የተጠገነ መኪና ያው መኪና ነውን?

በ1957 የተሠራ ሼቭሮሌት ቤል ኤር ዛሬ ከአንድ ብሎን ጀምሮ እስከ ሙሉ አካሉ ድረስ በአዲስ ሊተካ ይችላል (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፓራውልቱ፣ ስፖርቴሎው፣ ኮፈኑ፣ ወለሉ፣ የወንበሩ ልባስና የመብራቱ መስታወት አሜሪካ ውስጥ እንደ አዲስ ይመረታሉ። በጄኔራል ሞተርስ ፈቃድ የተሠራ ሙሉ የብረት አካልም ለገበያ ቀርቧል። ሞተሩም ቢሆን አያስቸግርም። ብዙዎቹ የ1957 ሼቭሮሌቶች የያዙት ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር በ1955 ከወጣው የሞተር ቤተሰብ ነው፤ ጄኔራል ሞተርስ ከዚሁ ቤተሰብ 100 ሚሊዮንኛውን ሞተር የሠራው በ2011 ነበር። እንግዲህ አንድ ባለቤት በሠላሳና በአርባ ዓመት ውስጥ እያንዳንዱን ክፍል በየተራ ቢለውጥ፣ በመጨረሻ ጋራዡ ውስጥ የቆመው ያ የ1957 ሼቭሮሌት ነው ወይስ እርሱን የሚመስል ሌላ መኪና? ጥያቄው ለጨዋታ ያህል የሚነሣ አይደለም። የመኪናው ዋጋ፣ በሕግ ፊት ያለው ቦታ፣ የመንገድ ደኅንነትና የሻጩ ታማኝነት ሁሉ ከመልሱ ጋር የተያያዙ ናቸው።

ፈላስፎች መኪና ከመፈጠሩ ከብዙ ዘመን በፊት ሲከራከሩበት ኖረዋል። ግሪካዊው ጸሐፊ ፕሉታርክ የቴሴዎስን ታሪክ ሲጽፍ፣ አቴናውያን የጀግናውን ባለ ሠላሳ መቅዘፊያ መርከብ ለዘመናት እንዳቆዩት፣ የበሰበሰውን ሳንቃ እያወጡ በጠንካራ እንደተኩት ይተርካል። ፈላስፎቹም ለሁለት ተከፈሉ፤ አንዱ ወገን ያው መርከብ ነው ሲል ሌላው አይደለም አለ። እንግሊዛዊው ቶማስ ሆብስ በ1655 ነገሩን አከረረው። የተጣለውን አሮጌ ሳንቃ አንድ ሰው እየለቀመ ቢያስቀምጥና በመጨረሻ በቀድሞው ቅደም ተከተል ቢገጣጥመው የቴሴዎስ መርከብ የትኛው ነው? ሆብስ በምናብ ያቀረበው ይህ ነገር በአሮጌ መኪና ገበያ በእውን ሊደርስ የሚችል ነው። ከአንድ መኪና የወጣ ሞተር ለሌላ ሰው ይሸጣል፤ ሻንሲው ከሌላ አካል ጋር ይጋባል፤ ሁለት ባለቤቶችም «ዋናው መኪና የእኔ ነው» ብለው በየፊናቸው ሊምሉ ይችላሉ።

በቡድሃ እምነት ሊቃውንት ዘንድ ደግሞ ምሳሌው ራሱ ተሽከርካሪ ነበር። መነኩሴው ናጋሴና በሠረገላ የመጣውን ንጉሥ ሚሊንዳን፣ ሠረገላ የሚባለው መንኮራኩሩ ነው? ዘንጉ ነው? ቀንበሩ ነው? እያለ ይጠይቀዋል። ንጉሡ ለሁሉም አይደለም ብሎ ይመልሳል፤ ክፍሎቹን ትቶ ሠረገላውን ለብቻው ማሳየትም አይችልም። ከንግግሩ የሚወጣው ድምዳሜ ሠረገላ ማለት ክፍሎቹ አንድ ላይ ሲሰናዱ የሚሰጣቸው ስም ነው የሚል ነው። ይህ መልስ እውነት አለው። ከካርቡራተሩ፣ ከሞተሩና ከሻንሲው ውጭ ቤል ኤር የሚባል ስውር ነገር ተደብቆ አይገኝም። ግን ጉዳዩ የስም ብቻ ከሆነ፣ በሐሰት የተሰየመውን ከእውነተኛው የሚለየው ምንድን ነው? ናጋሴና የተናገረው ሰውን ከራስ ፍቅር ለማላቀቅ ነውና ለዚህ ጥያቄ መልስ አልተወም።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ በ1694 በወጣው የድርሳኑ ሁለተኛ እትም ሌላ መንገድ ይከፍታል። አንድ የቁስ ክምችት ቅንጣት ሲወጣበት ያው ክምችት መሆኑ ይቀራል። ዛፍ ግን ቅጠሉና ግንዱ እየተለወጠ ያው ዛፍ ሆኖ ይቀጥላል፤ አንድ የሕይወት ሥርዓት ሳይቋረጥ ይዞታልና። ሰዓትን የመሰለ ማሽንም ለአንድ ዓላማ የተሰናዳ የክፍሎች ሥርዓት ስለሆነ ከሕያው አካል ጋር የሚቀራረብበት ነገር እንዳለ ሎክ አስተውሏል። ልዩነቱ እንስሳ የሚንቀሳቀስበትን ኃይል ከውስጡ ሲያገኝ ማሽን ከውጭ መቀበሉ ነው። ለመኪና ከሁሉም የሚሻለው ይህ ሐሳብ ነው። መኪና የሚኖረው በሥራው ነው፤ ኃይሉ ከውጭ እንደሚመጣለት ሁሉ ሥርዓቱን የሚጠብቅለትም በውጭ ያለ ሰው ነው።

የክርስትና ሊቃውንት ስለ ትንሣኤ ሙታን ሲጽፉ ይህንኑ ችግር ከፍ ባለ ደረጃ ገጥመውታል። አውግስጢኖስ «የእግዚአብሔር ከተማ» በተባለው መጽሐፉ የመጨረሻ ክፍል፣ በረሀብ ዘመን አንድ ሰው የሌላውን ሥጋ ቢበላ ያ ሥጋ በትንሣኤ የማን ይሆናል የሚለውን ከባድ ጥያቄ አንሥቶ፣ አስቀድሞ ሥጋው ለነበረው ሰው ይመለሳል ይላል፤ የጠፋ የሚመስለው ከፈጣሪ ዕውቀትና ኃይል አያመልጥምና። መኪና እንዲህ ያለ ጠባቂ የለውም። የትኛው ክፍል መቼ እንደወጣ፣ የትኛው ሞተር ከየት እንደመጣ የሚያውቀው ሰው ካልጻፈው ለዘላለም ይጠፋል። ስለዚህ የመኪና ማንነት በሁለት ነገር ይጸናል፤ ባልተቋረጠ ሥራና በእውነተኛ መዝገብ። ለሁለቱም ኃላፊው የሚጠግነው ሰው ነው።

የ1950ዎቹ የአሜሪካ መኪና ለዚህ ጥያቄ የተለየ ምስክር የሚሆነው በተቃርኖ ውስጥ ስለተወለደ ነው። ነጋዴዎቹ እንዲቆይ አልፈለጉም። የጄኔራል ሞተርስ መሪ አልፍሬድ ስሎን መልክን በየዓመቱ የመለወጥን ስልት ከ1920ዎቹ ጀምሮ አራመደ። የንድፍ ኃላፊው ሃርሊ ኧርል በ1948 ካዲላክ ላይ የጀመረው የኋላ ክንፍ በ1959 ጫፍ እስኪደርስ ድረስ እያደገ ሄደ። ዓላማው ባለፈው ዓመት የተገዛውን መኪና በባለቤቱ ዓይን ማስረጀት ነበር፤ ንድፍ አውጪው ብሩክስ ስቲቨንስ ከ1954 ጀምሮ ይህንኑ የታቀደ እርጅና እያለ በየመድረኩ ይሰብክ ነበር። መሐንዲሶቹ ግን በዚያው ዘመን ሌላ ነገር ሠሩ። የአብዛኞቹ መኪኖች አካል በብሎን ከሻንሲው ላይ የሚነሣ ነው፤ ካርቡራተሩ፣ ዲናሞውና ሞተሪኖው በተራ የእጅ መሣሪያ ተፈትተው፣ ታጥበውና ተጠግነው ይመለሳሉ። ኮፈኑ ሲከፈት መካኒክ ሊገባበት የሚችል ክፍት ቦታ አለ። ሁሉም እኩል ጥሩ ነበሩ ማለት አይደለም፤ ክሪስለር በ1957 ያወጣቸው ያማሩ መኪኖች ቶሎ በመዛግ የታወቁ ናቸው። ቢሆንም ለጥቂት ዓመት አገልግሎት የተሸጠ ዕቃ ሰባ ዓመት ሊሞላው የቻለው ሊፈታ የሚችል ሆኖ ስለተሠራ ነው። ስሎን የጨረሰውን ኑሮ መካኒክ ቀጠለው።

መካኒኩ ይህን ኑሮ የሚቀጥለው ግን መንስኤን ካወቀ ነው። ምን ይቀየር ከሚለው በፊት ለምን ቆመ የሚለው ይመጣል። በአሮጌ መኪና ላይ ከሚደርሱት ጥፋቶች ትልቁ ያልተበላሸውን መለወጥ ነው፤ ባለማወቅ የተደረገ ለውጥ ሁሉ ከመኪናው አንድ ነገር ወስዶ ችግሩን እዚያው ይተወዋልና። የማንነት ጥያቄና የብልሽት ፍለጋ ጥያቄ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው።

አንድ የታወቀ ችግር ይታይ። በበጋ ሙቀት ረጅም መንገድ የሄደ መኪና ነዳጅ ሊቀዳ ቆሞ አልነሣ ይላል፤ ወይም በትራፊክ መጨናነቅ መካከል ተንገጫግጮ ይጠፋል። ግማሽ ሰዓት ከቆመ በኋላ ምንም እንዳልነካው ይነሣል። ለዚህ አንድ ምልክት ቢያንስ ሦስት መንስኤ አለ። ቤንዚኑ ከሞተሩ ሙቀት የተነሣ ቱቦው ውስጥ ፈልቶ እንፋሎት ሲሆን ፓምፑ ፈሳሽ መሳብ ያቅተዋል። ቦቢናው ሲግል የውስጥ ሽቦው መከላከያ ከድቶ እሳት ያጣል። ዲስትሪቢውተሩ ውስጥ ያለው ትንሹ ኮንዴንሰርም በሙቀት ጊዜ ብቻ ሊከዳ ይችላል። በአሜሪካ ለመጀመሪያው ችግር የነዳጁ ቱቦ ላይ የእንጨት የልብስ መቆንጠጫ መደርደር ከአባት ወደ ልጅ የመጣ መድኃኒት ነው። ብዙ ሰው ይሠራል ብሎ ይምልለታል። መቆንጠጫው ተደርድሮ እስኪያልቅ ሞተሩ ስለሚበርድ መኪናው ይነሣል፤ ምስጋናው ግን ለእንጨቱ ይሰጣል። ፈላስፋው ዴቪድ ሂውም በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንዳስተማረው፣ ዓይን የሚያየው አንዱ ከሌላው በኋላ መምጣቱን ነው፤ አንዱ ሌላውን ማምጣቱን አያይም። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ልማድ ነው፤ ልማድ ደግሞ በመቆንጠጫም ሊታለል ይችላል።

መንስኤውን ለመለየት መኪናው በጠፋበት ቅጽበት፣ ገና ሳይበርድ፣ ሁለት ነገር ማየት ይበቃል። የአየር ማጣሪያው ተነሥቶ የነዳጅ መስጫው ዘንግ በእጅ ሲገፋ በካርቡራተሩ ጉሮሮ ውስጥ ቤንዚን ሲረጭ ከታየ ነዳጅ አለ። ከዚያ ማጣሪያው ተመልሶ፣ ከቤንዚን ትነት ርቆ፣ አንድ ካንዴላ ከገመዱ ጋር ወጥቶ የሞተሩን ብረት እንዲነካ ይደረግና ሞተሪኖው ይዞራል። ብርቱ ሰማያዊ እሳት ከዘለለ የእሳቱ መስመር ደህና ነው። ነዳጅ ጠፍቶ እሳት ካለ ፍለጋው ወደ ቱቦና ፓምፕ ይሄዳል፤ ነዳጅ ኖሮ እሳት ከጠፋ ወደ ቦቢናና ኮንዴንሰር። ከዚህ በኋላም የሚቀየረው በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው። ጆን ስቱዋርት ሚል በ1843 በሎጂክ መጽሐፉ የልዩነት ዘዴ ብሎ የገለጸው ይህንኑ ነው፤ ሁለት ሁኔታዎች በአንድ ነገር ብቻ ተለያይተው ውጤታቸው ከተለያየ፣ ያ አንድ ነገር መንስኤው ወይም የመንስኤው ክፍል ነው። ቦቢና፣ ኮንዴንሰር፣ ፑንቲናና ካንዴላ በአንድ ከሰዓት በኋላ የለወጠ ሰው መኪናው ቢነሣለትም ምን እንደፈወሰው አያውቅም። ምናልባት ሦስት ደህና የፋብሪካ ዕቃ ቆሻሻ ላይ ጥሏል፤ ከካርቶን የወጣ አዲስ ዕቃ ሁሉ ደግሞ ከአሮጌው ይሻላል ማለት አይደለም።

ሌላው ምሳሌ ባለ 6 ቮልት መኪና ነው። ሼቭሮሌት ወደ 12 ቮልት የተሻገረው በ1955፣ ፎርድ በ1956 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ፎርዶች ላይ ከአካሉ ጋር የሚታሰረው የባትሪው አዎንታዊ ጫፍ ስለሆነ ባትሪ ሲገጠም ልብ ማለት ያስፈልጋል። ሞተሪኖው ከብዶት ቀስ እያለ ሲዞር ብዙ ባለቤት የሚሰጠው ፍርድ 6 ቮልት ደካማ ነው የሚል ነው፤ ዲናሞውን፣ ሬጉሌተሩንና አምፖሉን ሁሉ አውጥቶ መኪናውን ወደ 12 ይለውጠዋል። ያ መኪና ግን አዲስ ሳለ በሚቺጋን ክረምት በ6 ቮልት ይነሣ ነበር። ታዲያ ምን ተለወጠ? ያንኑ ኃይል ለማድረስ 6 ቮልት ከ12 ቮልት እጥፍ ከረንት ይጠይቃል፤ በአንድ ዓይነት ገመድ ላይ በሙቀት የሚባክነው ኃይል ደግሞ አራት እጥፍ ይሆናል። ፋብሪካው ይህን ስለሚያውቅ ወፍራም የባትሪ ገመድ ሠርቶለት ነበር። ገመዱ ሲያረጅ ከመለዋወጫ ሱቅ የተገዛለት ግን ለ12 ቮልት የተሠራ ቀጭን ገመድ ነው። ሞተሪኖው እየዞረ ከባትሪው ራስ እስከ ሞተሪኖው ድረስ በቮልት መለኪያ ቢለካ ሊጠፋ የሚገባው የአንድ ቮልት ጥቂት ዐሥረኛ ብቻ ነው። አንድ ሙሉ ቮልት ከጠፋ ከስድስቱ አንዱ መንገድ ላይ ቀርቷል። ከአካሉ ጋር የሚታሰረው የማሳው መስመርም በዚያው መንገድ ይለካል። የሚያሳዝነው፣ በትልቅ ወጪ የታደሱና የተሞሸሩ መኪኖች ብዙ ጊዜ በዚህ ይጠቃሉ፤ ሞተሩም ሻንሲውም በወፍራም ቀለም ስለተሸፈኑ ማሳው የሚያርፍበት ራቁት ብረት የላቸውም። አንድ ወፍራም ገመድና የተፋቀ ብረት ሊመልሰው የሚችለው ችግር የመኪናው ሙሉ የኤሌክትሪክ ሥርዓት እንዲጣል ሰበብ ሆነ ማለት ነው።

በዲስትሪቢውተሩ ውስጥ ያለው ፑንቲናም እንዲሁ በስህተት ይወነጀላል። በሼቭሮሌት ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ላይ ክፍተቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከዘንጉ ጋር የሚፋተገው ትንሽ ጫማ እያለቀ ሲሄድ ክፍተቱ ይጠባል፣ እሳቱም ይዘገያል፤ መኪናው ጉልበት ያጣል፣ ይሞቃል። ዴልኮ በ1957 ባወጣው ዲስትሪቢውተር ክዳን ላይ መካኒኩ ሞተሩን ሳያጠፋ ክፍተቱን የሚያስተካክልበት ትንሽ መስኮት ተበጅቶለት ነበር። ዛሬ ብዙዎች በምትኩ ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ይገጥማሉ፤ ጥቅሙም የማይካድ ነው፣ በየጊዜው ማስተካከል ይቀራል። ነገር ግን ኤሌክትሮኒኩ መንገድ ላይ ሲከዳ ሊጠገን አይችልም። ፑንቲና ግን በትንሽ ሞረድ ተጠርጎ፣ ክፍተቱ በክብሪት ካርቶን ተለክቶ ቤት ያደርሳል። የወጣው ፑንቲና ተጠቅልሎ መኪናው ውስጥ ከተቀመጠ ለውጡ ሊመለስ የሚችል ስለሆነ የሚነቀፍ ነገር የለውም።

ዘመኑ ራሱ የለወጣቸው ነገሮችም አሉ። እርሳስ ያለበት ቤንዚን በአሜሪካ መንገዶች ላይ ከጥር 1 ቀን 1996 ጀምሮ ተከልክሏል። እርሳሱ የጭስ ማውጫ ባልቦላዎችን መቀመጫ ይከላከል ስለነበር፣ በከፍተኛ ፍጥነትና ጭነት ለረጅም ሰዓት በሚሠራ ሞተር ላይ መቀመጫው ሊበላ ይችላል፤ በሳምንት አንድ ቀን ቀስ ብሎ ለሚነዳ መኪና ግን ለዚህ ብሎ ቴስታታ ማውረድ አብዛኛውን ጊዜ ትርፍ ወጪ ነው። ቤንዚን ላይ የሚጨመረው ኤታኖል የቆየውን የጎማ ቱቦና የፓምፑን ስስ ሽፋን ስለሚያበላሽ እነዚህን በአዲስ ዓይነት ጎማ መተካት ግድ ነው። የዘመኑ የሞተር ዘይትም የጭስ ማጣሪያን ላለማበላሸት ሲባል ዚንክ ያለበት ቅመም ተቀንሶለታል፤ ለእነዚህ ሞተሮች፣ በተለይ ሞተሩ ወርዶ አዲስ ካምሻፍት ከተገጠመ በኋላ፣ ዚንኩ ያልጎደለ ዘይት ያስፈልጋል። እነዚህ ለውጦች መኪናውን ሌላ አያደርጉትም። ዘይት፣ ጎማ፣ ቱቦና የፍሬን ሸራ ከመጀመሪያውም ሊያልቁ የተሠሩ ናቸው፤ ፋብሪካው ራሱ በመመሪያ መጽሐፉ እንዲለወጡ ያዛል። የሎክ ዛፍ ቅጠል ሲያረግፍ ዛፍነቱን እንደማያጣ ማለት ነው።

ፍሬን ግን ከመነሻው መልክ በላይ የሆነ ጥያቄ ያስነሣል። የዚያ ዘመን መኪኖች የፍሬን ዘይት የሚገፋላቸው አንድ መስመር ብቻ ነው። አንዲት ቱቦ ከፈነዳች አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል፤ የሚቀረው የእጅ ፍሬን ነው። አሜሪካ በአዳዲስ መኪኖች ላይ ሁለት የተለያየ መስመር እንዲኖር በሕግ ያዘዘችው ከ1968 ጀምሮ ነው። የፍሬን ዘይቱ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ሳይቀየር ለዓመታት ከቆየ ሲሊንደሮቹን ከውስጥ ያዝጋቸዋል፤ ቆሞ የኖረ መኪና ፍሬኑ ድንገት የሚከዳው ብዙውን ጊዜ ለዚህ ነው። የአሮጌው ሸራ ብናኝ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል በአየር ግፊት መንፋትም ለመካኒኩ ሳንባ አደገኛ ነው። በመንገድ ላይ በሚነዳ መኪና ባለ ሁለት መስመር የፍሬን ፓምፕ መግጠም ትክክል መሆኑ ሊያከራክር አይገባም። መንገዱን የሚሻገር ልጅ የመኪናው የመጀመሪያ ክፍል እንዲጠበቅ ተብሎ ሕይወቱን አደጋ ላይ የሚጥልበት ምንም ምክንያት የለም። ንጹሑን የፋብሪካ ሥራ ማቆየት የሚፈልግ ሰው መኪናውን በሙዚየም ሊያቆመው ይችላል።

ጥያቄው በትልቁ የተፈተነው በኩባ ነው። ከአብዮቱ በፊት ደሴቲቱ የአሜሪካ መኪና ትልቅ ገበያ ነበረች። ፊደል ካስትሮ በ1959 ሥልጣን ከያዘ በኋላ አሜሪካ በ1960 ወደ ኩባ የሚላኩ ዕቃዎችን ከለከለች፤ በ1962 እገዳው ሙሉ ሆነ። መለዋወጫ የሚመጣበት በር በአንድ ጊዜ ተዘጋ። መንግሥቱም በበኩሉ የመኪና ግዢና ሽያጭን ስለገደበ፣ እስከ 2011 ድረስ አንድ ኩባዊ በነጻ ሊገዛና ሊሸጥ የሚችለው ከአብዮቱ በፊት የገባ መኪና ብቻ ነበር። ሕጉ ሳያስበው አሮጌዎቹን ዘላለማዊ አደረጋቸው። ኩባውያን አልሜንድሮን እያሉ የሚጠሯቸው እነዚህ መኪኖች ዛሬም በሐቫና መንገደኛ እያጋሩ ያመላልሳሉ።

ኮፈናቸው ሲከፈት የሚታየው ሌላ ታሪክ ነው። ቤንዚን ጠጪው ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ወጥቶ በናፍታ የሚሠራ የጃፓን ወይም የአውሮፓ ሞተር ገብቷል፤ ካምቢዮውና ፍሬኑ ከሶቪየቶቹ ላዳ፣ ሞስክቪች ወይም ቮልጋ የተወሰደ ሊሆን ይችላል። የማይገኘው ክፍል በአካባቢው ወርክሾፕ በቶርኖ ተቀርጿል፣ የተበላው ላሜራ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ተበይዷል። ፔንሲልቬኒያ ወይም ካሊፎርኒያ ያለ ሰብሳቢ እንዲህ ያለውን መኪና ቅይጥ ነው ብሎ ሊንቀው ይችላል። ከፍልስፍናው አንጻር ግን ፍርዱ የተገላቢጦሽ ነው። የኩባው መኪና ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሥራውን ሳያቋርጥ፣ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ፣ ቤተሰብ ሲያኖር ቆይቷል። እያንዳንዱ ለውጥ የተደረገው በችግር ምክንያት፣ መንስኤው ታውቆ ነው። በአንጻሩ ከአዲስ አካል፣ ከአዲስ ሞተርና ከአንድ አሮጌ የመለያ ቁጥር ሰሌዳ ተነሥቶ የተገጣጠመ የሚያብለጨልጭ ቤል ኤር የ1957ን መልክ እንከን በሌለው ሁኔታ ይዞ ይገኛል፣ ያለፈ ኑሮ ግን የለውም። ከሁለቱ ያው መኪና ለመባል የሚበቃው የሐቫናው ነው።

ይህ ማለት የመጀመሪያው ቁስ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ቀለም አንድ ጊዜ ከተፋቀ አይመለስም፤ ከእርሱም ጋር ፋብሪካው ምን ዓይነት ቀለም እንዴት ይቀባ እንደነበር፣ ሠራተኛው በጠመኔ የጻፈው ምልክት የት እንደነበረ የሚያሳየው ማስረጃ ይጠፋል። ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የአሜሪካ የመኪና ውበት ውድድሮች መኪና ከፋብሪካ ከወጣበት ቀን ይልቅ አምሮ እንዲቀርብ ሲሸልሙ ኖረዋል። አሁን ግን በካሊፎርኒያው የፔብል ቢች ትርኢት ሳይቀር ከዚህ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወዲህ ሳይታደሱ ለቆዩ መኪኖች የተለየ የውድድር ክፍል ተከፍቷል። የዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን በ2013 ያጸደቀው የቱሪን ቻርተርም መጠበቅን ከማደስ ያስቀድማል፤ በአዲስ የተተካ ክፍል የሚታወቅበት ቋሚ ምልክት እንዲደረግበት፣ የተሠራው ሁሉ እንዲመዘገብ ይመክራል። ይህ ምክር የሥነ ጥበብ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የእውነት ጉዳይ ነው።

ምክንያቱም በዚህ ሙያ ያለው ትልቁ ኃጢአት ዝገትም ስቱኮም አይደለም፤ ሐሰት ነው። ገበያው ቁጥራቸው የሚገጥም ለሚባሉ መኪኖች፣ ማለትም ሞተራቸውና ካምቢዮአቸው ከፋብሪካ ጀምሮ አብሯቸው ላለ፣ ብዙ ብር ይጨምራል። በብዙዎቹ የ1950ዎቹ ሼቭሮሌቶች ግን ፋብሪካው የመኪናውን ተከታታይ ቁጥር በሞተሩ ላይ ስላልቀረጸ፣ መግጠሙ የሚገመተው በብረቱ ላይ ከተቀረጸው የንድፍ ቁጥርና ከተቀለጠበት ቀን ነው። ይህ ለአጭበርባሪ በር ይከፍታል፤ ትክክለኛ ቀን ያለው ሌላ ሞተር ይፈልጋል፣ ወይም የቆየውን ቁጥር ፍቆ አዲስ ይቀርጻል። የተቀየረ ሞተር ተቀይሯል ተብሎ ሲጻፍ መኪናው ታሪኩን እንደያዘ ይቀጥላል። ያልተቀየረ ተብሎ ሲሸጥ ግን ብረቱ ምንም ያህል ቢመስል ያለፈው ሰባ ዓመት ተሰርዟል።

ሕግም በዚህ ጉዳይ ብዙ ተደናግሯል። እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ ድረስ አንዳንድ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች የመኪናን ባለቤትነት የሚመዘግቡት በሞተር ቁጥር ነበር። ሞተሩ ሲያረጅና ሲቀየር ሊብሬውና መኪናው ተለያዩ፤ ዛሬም የዚያ ዘመን መኪና የሚገዙ ሰዎች ወረቀቱ የሚያወራው ከብዙ ዓመት በፊት ስለተጣለ ሞተር ሆኖ ያገኙታል። ባለ 17 አኃዙ ወጥ የመለያ ቁጥር የመጣው በ1981 ነው። በእንግሊዝ አገር ደግሞ በ1929 እና በ1930 የለ ማን ውድድርን ያሸነፈ አንድ ቤንትሌ ተሸጦ ገዢው መኪናው ያው አይደለም ብሎ በመካዱ ጉዳዩ በ1990 ለንደን ፍርድ ቤት ደረሰ። ከመጀመሪያው ብረት የቀረው ትንሽ መሆኑ ተረጋግጧል። ዳኛው ግን መኪናው በተከታታይ እየተለወጠ፣ ታሪኩ ሳይቋረጥና ሌላ መኪና ስሙን ሳይጋራው እንደኖረ ተመልክተው ለሻጩ ፈረዱ። ሎክ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ለሰዓትና ለዛፍ የሰጠው መልስ በፍርድ ቤት ውሳኔ ጸና።

በካንሳስ ክፍለ ግዛት የደረሰው የዚህ ተቃራኒ ነበር። በ2017 አንድ የ1959 ሼቭሮሌት ኮርቬት ለምዝገባ ምርመራ ሲቀርብ፣ ከዓመታት በፊት በእድሳት ጊዜ የመለያ ቁጥሩ ሰሌዳ ተነቅሎ መልሶ እንደተመታ ተደረሰበት። ሰሌዳው የዚያው መኪና ነው፤ የተለወጠው የያዘው ምስማር ነው። የወቅቱ ሕግ ግን ሰሌዳው የተነካን መኪና ሁሉ እንደ ኮንትሮባንድ ስለሚቆጥር ኮርቬቱ ተወርሶ ሊደመሰስ ነበር። ባለቤቱ ለዓመታት ተከራከረ። የካንሳስ ምክር ቤት በ2022 ሕጉን አሻሽሎ፣ በጥንታዊ መኪና እድሳት ጊዜ ሰሌዳውን ማንሣትና መልሶ መግጠም ሥራው የሚጠይቀው እስከሆነ ድረስ ወንጀል እንዳይሆን ደነገገ።